ጉበቱ የጠነከረው ደምሴ

ኑ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በር ላይ የተገተርከው ግባና ተቀመጥ፣ አንቺም ያንን ሬዲዮ ዝጊልኝ፣ እኔ ሳወራ ሌላ ሰው አያወራም። ሳቅ ይፈቀዳል፣ ወሬ አይፈቀድም። ተግባባን? ተግባባን።

በእኛ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በጃንሆይ ዘመን ማለቴ ነው፣ እዚህ ሐረር ጎበዝ ጠጪ የሚባለው ጠጥቶ ያልተንገዳገደ ነው። የተንገዳገደማ መሳቂያ ነው። ታዲያ በዚህ በዚህ የደምሴን ያህል የተከበረ ሰው አልነበረም። ደምሴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ጓደኛዬ ነው፣ ድምፁ መረዋ ነው፣ ፍርድ ሲያነብ የተፈረደበት ሰው እንኳ አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል፣ እውነቴን ነው። ታዲያ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ከጀጎል ውጭ ወደነበረችው ጠጅ ቤት ነው፣ እና ብርሌ በብርሌ ላይ ይደርባል፣ እና አረቄ ይጨምርበታል፣ እና ብድግ ብሎ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ዓመት፣ ደሞ ሌላ ዓመት፣ ደሞ ሌላ። ሃምሳ አለቃ ግርማ የሚባል አብሮን የሚጠጣ ወታደር ነበር፣ "ወንድ ማለት ይሄ ነው" ይላል፣ እኛም "ነው፣ ነው" እንላለን።

ታዲያ ደምሴ ሆድ አወጣ። ቦርጭ ያን ጊዜ የክብር ነው፣ ቦርጫም ሲያልፍ ወንበር ይለቀቅለታል። እኔም የአፍ ነገር አታውቁኝም? "ሆድህ ቀድሞህ ተሾመ፣ አንተስ መቼ ነው?" እለዋለሁ። ሱሪው እምቢ ሲለው እሱና ሚስቱ አስካለ፣ እኔም ለጨዋታ ተከትዬ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብለን መኪና ግርግር ሄድን፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ግርርር የሚያደርጉበት መንገድ። አው ዩሱፍ የሚባሉ የሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ፣ ወገቡን ለኩና "ማሻ አላህ አቶ ደምሴ፣ በቀደም አሰፋሁልህ፣ ደሞ ጠበበ?" አሉት። ቀጥለው ትከሻውን ለኩ። "እንዴ፣ ኮቱ ደሞ ሰፍቶሃል። ወላሂ ግራ ገባኝ፣ ከላይ ትከሳለህ ከታች ትወፍራለህ፣ ለሁለት ሰው ነው እንዴ የምሰፋው?"

እኛ ሳቅን። አስካለ አልሳቀችም። ክንዱን ያዝ አደረገችው፣ ሸምበቆ ነው የሚያክለው። ወደ ብርሃን አዙራ ዓይኑን አየችው፣ ቢጫ ነው።

"የወፍ በሽታ ነው፣ ቀላል ነው" አልኳት እኔ አዋቂው።

"ወፏ ጠጅ ቤት ነው የምትውለው?" አለችኝ። እኔን ዝም ያሰኘች ሴት እሷ ናት፣ ጻፉት።

ታዲያ በማግስቱ ሐኪም ቤት ሰደደችው። እሷ ልጅ ታሞባት ቀርታለች፣ አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ የኛው ሰው ድሬሰሩ፣ ቁስል አጣቢው ማለቴ ነው፣ እሱ ነው የሚያስተረጉምለት። አስተኝቶት ሆዱን በጣቱ ቧ፣ ቧ፣ ቧ አደረገ፣ ከጎድኑ ሥር ጫን ጫን አደረገ፣ እና በቋንቋው አንሾካሾከ። ድሬሰሩ "ጉበትህ ጠንክሯል ይልሃል" አለው።

"ተመስገን" አለ ደምሴ፣ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ።

"ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ገና አልጨረስኩም።"

"የምፈልገውን ነግረኸኛል" ብሎት ወጣ። እኔም ተከተልኩት፣ ምን ላድርግ፣ ለኔም ጥሩ ዜና ነው የመሰለኝ።

ጠጅ ቤት ገብተን "ሐኪም ጉበቱ ጠንክሯል አለው" ስንል ግርማ ጠረጴዛውን መታ። "አላልኳችሁም? ይሄ ሰው ጉበቱ ብረት ነው። በሉ ለጉበቱ ይቀዳ!" ተቀዳ። ለሰው ጤና ሲጠጣ አይቻለሁ፣ ለሰው ጉበት ሲጠጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ አስካለ ምን አደረገች መሰላችሁ? ደምሴ በራፍ ላይ ቆሞ "ጠንክሯል አሉኝ" ብሏት ነበር ያለፈው፣ እሷ አላመነችም፣ ልጁን ጎረቤት ሰጥታ ሄዳ ድሬሰሩን ጠየቀችው። እና ጠጅ ቤት ገባች። የጨዋ ሚስት ጠጅ ቤት!

"ደምሴ፣ ጠንክሯል ማለት በርትቷል ማለት አይደለም። ደድሯል ማለት ነው።"

"ማን አለሽ?"

"ሳትሰማው የወጣኸው ሰውዬ። የምትጠጣው ሁሉ በጉበት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ይቆስላል፣ ይጠግጋል፣ ደሞ ይቆስላል፣ በመጨረሻ ጠባሳ ብቻ ይሆናል፣ እንደ ደረቀ ቆዳ። ከዚያ ደሙ ማለፊያ ያጣል። ይሄ ቦርጭ አይደለም፣ ውሃ ነው ደምሴ። የጉሮሮህ ደም ሥር ይወጠርና አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ደም ትተፋለህ። ጠዋት ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጠው፣ የነገርኩህን የምትረሳው፣ መጠጡ ጭንቅላትህም ደርሶ ነው።"

"እትዬ አስካለ፣ እሱኮ ሰክሮ አያውቅም" አለ ግርማ።

"ይሰክራል መች አልኩህ? ይሞታል ነው ያልኩህ።"

ደምሴ ብርሌውን አየው፣ እሷን አየ፣ ብርሌውን አስቀመጠ። "ባቆምስ?" አላት፣ ያ መረዋ ድምፅ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። "የደደረው አይለሰልስም፣ ካቆምክ ግን በተረፈው መኖር ትችላለህ ብለዋል" አለችው። ተነሳና ተከትሏት ወጣ።

ልጆች፣ ጀግና ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። እንዲህ የኖረ ጠጪ ድንገት ሲያቆምም አደጋ አለው ብለው ሐኪም ቤት አስተኙት፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል፣ "አራግፉልኝ" ይላል፣ ጉንዳን የለም። ሆዱን በመርፌ ወግተው ውሃውን ባልዲ ሙሉ ቀዱለት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጨው ከለከሉት። አስካለም ያን ጨው የሌለው ወጥ አብራው በላች፣ ለብቻዋ ጨው ያለው አልሠራችም፣ አንድ ቀን ቀመስኩት፣ ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት እነሱ ቤት አልደርስም። ታዲያ ሰውዬው ከሥራ ሲወጣ ጠጅ ቤቱን በሩቅ ዞሮ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ፣ በእግሩ ይወጣል፣ እኔም "አንተ ሰው፣ ወይ ሐኪም ጋር ነህ ወይ ሐኪም ጋራ" እለዋለሁ፣ ይስቃል። ዓይኑ ነጣ፣ እጁ ረጋ፣ ፍርድ ማንበቡንም ቀጠለ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ አላየሁም።

ታዲያ ግርማ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ጠራን። ብርሌውን ሞልቶ ደምሴ አፍንጫ ሥር አቀረበለት፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"አንዲት ብርሌ ምን ታደርግሃለች? ለልጄ ብለህ።"

"ይቅርብኝ።"

"እኔ ስጠጣ ስንት ዘመኔ ነው፣ ምን ሆንኩ? ሐኪም ያለውን ሁሉ እያመንክ ሴት ሆንክ በቃ?"

እኔም አፌን ያሳክከኝ ጀመር፣ አንድ ነገር ልጨምርበት ስል ደምሴ በዚያ ፍርድ በሚያነብበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣

"ጠጣው ግርማ" አለው፣ "አንተ ስትሞት ቃሬዛህን የሚሸከም አንድ ያልጠጣ ሰው ያስፈልጋል።"