ከታች የተኛው ስልሳ ኪሎ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሥራ ቦታቸው "ጋሼ በርሜል" በመባል ይታወቃሉ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የብጥብጥ ክፍል ኃላፊ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 14
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ በወሩ 12ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ሰኞ በ10ኛው ቀን በፋብሪካችን ስለደረሰው አደጋ በዚያው ዕለት ቃል ሰጥቼ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ያንን ቃል ለመለወጥ ነው። በቁጥጥር ሥር ከምትገኘው የፋብሪካው ኬሚስት ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ ሁለቱም አለኝ ብያለሁ። የታናሽ ወንድሜ ሚስት ነበረች። ጥላው ከወጣች አምስት ዓመት ሆኗታል። እናታችን ስትሞት ደጃችንን አልረገጠችም። ወንድሜ ቤት እያለች "ጋሼ" ትለኝ ነበር፤ ከወጣች ወዲህ "ኃላፊ" ትለኛለች፣ እሱንም ሰው ካለ ብቻ ነው። አልወዳትም። ከዚህ በታች የምናገረውን ለእሷ አዝኖ ነው የተናገረው እንዳይባል፣ አልወዳትም ማለቴ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

በፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጨርቅ የሚነከርበትን ብጥብጥ ማዘጋጀት ነው። እሷ ሙሙት ትለዋለች። ድሮ የምንበጠብጠው ጨው ነበር። ጨው ታንከር ውስጥ ተገልብጦ ይተኛል፣ ሠራተኛው ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ የማማሰያው ሞተር ትንሽ ይዞራል፤ አለቀ። ከመጀመሪያው ከዞረ አረፋ ያበዛል እንል ነበር። ቆዳ የሚልጠው ኮስቲክ ሶዳ ያን ጊዜ ተበጥብጦ በበርሜል ነበር የሚመጣልን። እንደ ነጭ ቅርፊት ሆኖ በከረጢት መምጣት የጀመረው ከሁለት ወር ወዲህ ነው።

ከረጢቶቹ የመጡ ዕለት ኬሚስቷ ከላይኛው ፎቅ ወርዳ በሠራተኛ ፊት አንድ ብርጭቆ ሻይ አስመጣች። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ ሳታማስል ሰጠችኝና "ይቅመሱት" አለችኝ። መራራ ነው አልኳት። "ታዲያ ስኳሩ የት ገባ፣ ኃላፊ? ከታች ተኝቷል እኮ። ከላይ ቀምሰው አነሰ ብለው ቢጨምሩ፣ በኋላ ሲያማስሉት አይጠጣም። ሻይ ቢበላሽ ይደፋል። ኮስቲክ ግን ሲሟሟ ሙቀት ያወጣል፤ ብዙው በአንዴ ከሟሟ ውኃውን ያፈላዋል" አለችኝ። እኔም "ሻይ ማማሰል እናቴ አስተምራኛለች፤ የሰው ቤት ማማሰል ግን ያንቺ ሙያ ነው" ብዬ መለስኩላት። ሠራተኛው ሳቀ።

በማግስቱ ከታንከሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ በእጇ የጻፈችውን ወረቀት ለጠፈች። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር፤ ብጥብጡ ተሠርቶ ሲያልቅ 500 ሊትር ይሁን፣ በእያንዳንዱ መቶ ሊትር ውስጥ 20 ኪሎ ኮስቲክ ይኑር፣ በድምሩ 100 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ አራት ከረጢት። ከዚያ ሥር "ማማሰያው ሳይዞር ከረጢት አይከፈትም" ብላ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከዚያ ወዲህ ኮስቲክ በተበጠበጠ ቁጥር ራሷ እየወረደች ሞተሩን ታስነሳ ነበር።

ሰኞ ዕለት ስብሰባ ነበረባትና አልወረደችም። ከጠዋቱ 2፡30 ላይ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ጫኙ ነን። ጫኙ አፉ ስለማያርፍ "ዝምታ" እያልን ነው የምንጠራው። "ጋሼ፣ ሞተሩን ላስነሳው?" ሲለኝ "ተወው፣ ይተኛ። ዛሬ አስተማሪዋ የለችም፣ እንደ ድሯችን እንሥራ" አልኩት። 450 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሞላሁ። እሱ አራቱን ከረጢት አከታትሎ ገለበጠና "ኮስቲክ ሆይ፣ ለራስህ ስትል ሟሟ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" እያለ ይቀልድ ነበር። ውኃ ጨምሬ 500 የሚለው መስመር ላይ አደረስኩና ለሻይ ወጣን።

3፡15 ላይ ተመለስን። በገመድ የታሰረችውን ጣሳ በታንከሩ አፍ አውርጄ ናሙና ቀዳሁ። ጣሳዋ ከአንድ ክንድ በታች አትወርድም። ናሙናውን በአሲድ ጠብታ ስለካው በመቶ 20 መሆን የነበረበት 8 ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ የታንከሩን ሆድ በእጄ ነክቻለሁ፤ ከላይ ለብ ያለ ነበር፣ ከታች ግን ይፋጅ ነበር። ይህ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ስሌቷ ስህተት ነው፣ ያዝኳት አልኩ። ደስ አለኝ።

በባዶ ከረጢት ላይ በእርሳስ አሰላሁ። በመቶ 8 ከሆነ በ500 ሊትር 40 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 60 ይጎድላል። ስሌቴ ልክ ነበር። 60 ኪሎው ግን አልጎደለም፤ ከታች እንደ ኮንክሪት ተጋግሮ ተኝቶ ነበር። ሁለት ከረጢትና አሥር ኪሎ አስጨመርኩ። ጫኙ "ጋሼ፣ ለማንኛውም ወደ ላይ ልደውልላት?" ብሎኝ ነበር። "ደውልላትና አግባት" አልኩት።

3፡40 ላይ "አሁን አዙረው" ብዬ አዘዝኩት። ማብሪያው ያለው ከታንከሩ አፍ ሥር ነው። ሞተሩ ሲዞር የተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ደቂቃ አልሞላም፣ ታንከሩ አጉረመረመ፣ ፈላ፣ በአፉ ገነፈለ። ጫኙ ክዳኑን ሊዘጋ ቀና ሲል ፊቱን፣ አንገቱንና ቀኝ ክንዱን አገኘው። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ አልነካኝም። ኬሚስቷ ጩኸቱን ሰምታ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች፤ የውኃ ቱቦውን ጎትታ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ስታጥበው እኔ ቆሜ አይ ነበር።

ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ብጥብጡ ደርሶበት ጽሑፉ እንዳይነበብ ሆኗል። ይህንን ከሁሉም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ሲጠይቀኝ "ወረቀቷ 160 ኪሎ ነው የሚለው፤ የታዘዝኩትን ነው የጨመርኩት" አልኩ። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ሲለካ በመቶ 31 ስለተገኘና ባዶዎቹ ከረጢቶች ተቆጥረው ከቃሌ ጋር ስለገጠሙ ታመንኩ። እሷ መቶ ነው ብላ ብትምልም የሚሰማት አላገኘችም። በዚያው ቀን ተያዘች።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጫኙን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። ሁለቱም ዓይኖቹ ታሽገዋል። ግራው እንደሚተርፍ፣ ለቀኙ ግን ተስፋ እንደሌለ ሐኪሙ ነግሮኛል። ድምፄን ሲሰማ "ጋሼ፣ ማብሪያውን የጫንኩት እኔ ነኝ አይደል? ልጅቷ በእኔ ጦስ ታሰረች። ሲሻለኝ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ" አለኝ። "አንተ አይደለህም" አልኩት። "ታዲያ ማነው?" አለ። ያን ሁሉ የሚያወራ ሰው መልሴን እየጠበቀ ዝም አለ። እኔም ሳልመልስለት ወጣሁ። መልሱ፣ እኔ ነኝ። ወረቀቷ መቶ ኪሎ ነበር የሚለው። ማማሰያው ሳይዞር ከረጢት ያስከፈትኩት፣ ከላይ ብቻ ቀድቼ የለካሁት፣ 60 ኪሎ ያስጨመርኩትና ሞተሩን እንዲያዞር ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ሲነበብልኝ መርማሪው የሰኞውን ቃሌን "በድንጋጤ ተሳስቼ የሰጠሁት" ብለው መጻፋቸውን ሰማሁ። አልደነገጥኩም፣ አልተሳሳትኩምም። "እንድትታሰር ፈልጌ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ የሰጠሁት" ተብሎ እንዲታረም ጠየቅኩ። እንዲህ ከተጻፈ ከምስክርነት አልፎ ራሴን እንደሚያስከስሰኝ መርማሪው ሁለት ጊዜ አስረዱኝ። ገብቶኛል፣ ይታረም አልኩ። ታርሟል።

የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ተጽፏል። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም፤ እውነት ስለመሆኑ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

በመጨረሻ ከኬሚስቷ ጋር ታርቀን እንደሆነ ተጠይቄ፣ አልታረቅንም ብያለሁ። ዛሬ የምትለቀቅ ከሆነ ፊት ለፊት እንዳንገጣጠም በየትኛው በር እንደምትወጣ እንዲነገረኝና እኔ በሌላው እንድወጣ ጠይቄያለሁ። መርማሪው "እርስዎ ዛሬ አይወጡም" ብለው መልሰውልኛል።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
ቃሉ ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ ____________