የፍልሰታው ወተት

ልጅ አቁሞ እርዳታ መለመን ፕሮፓጋንዳ ነው፣ አይደለም ስትባባሉ ሰምቼ ሳቄ መጣ። እኔ እኮ በጣሊያን ጊዜ ሮቢት ላይ በሁለቱም ወገን ተለምኖብኛል!

አንድ ጠዋት ጣሊያኖቹ የሰፈሩን ልጆች ገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር ሰብስበው አስቀመጡንና አንዳንድ ጣሳ ወተት አስያዙን። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደገነ። ለካ ፎቶው አገራቸው ሄዶ “የተራቡ የሐበሻ ልጆችን እያጠጣን ነውና እርዱን” ሊባልበት ኖሯል። እኛ ግን ጣሳችንን ታቅፈን ተቀመጥን።

“ጠጡ እንጂ!” አለ አስተርጓሚው።

“ፍልሰታ ነው” አልኩት። የልጅ ጾም መሆኑን እሱም አላጣውም።

የጣሊያኖቹ ሹም ሲነገረው ተቆጣ። “ተርበዋል ወይስ ይጾማሉ?” ብሎ አስጠየቀን።

“ሁለቱንም” አልኩ። ይቺን አስተርጓሚው ሳይተረጉማት ቀረ።

ከመካከላችን የጠጣችው እስላሟ ጎረቤታችን ዘይነባ ብቻ ነበረች። የኔንም ደገመችው። እናም የተራበች ተብላ ፎቶ የተነሳችው እሷ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ላም የሚታለብበት ብቸኛ ቤት ልጅ!

ወሬው ጫካ ላሉት አርበኞች ደረሰ። መልእክተኞቻቸው ደብረ ሲና ወጥተው፣ “የሮቢት ሕፃናት የጠላትን ወተት ተፉት! እናንተ እህል ትነፍጋላችሁ?” እያሉ ስንቅ ሰበሰቡ አሉ። ኧረ ማን ቀምሶት ይተፋዋል! እኛ የፈራነው የእናቶቻችንን አርጩሜ ነው። ከእህሉም እፍኝ አልደረሰንም።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ማለዳ ጣሳዬን ይዤ ወደ ግራሩ ሮጥኩ። ካሜራው ሄዷል፤ ወተቱም አብሮት ሄዷል።