ያልተለካው ውርወራ፤ የመምህር ልዑልቃል ገብረወልድ ዜና ሕይወት

ክቡራን ካህናት አባቶቻችን፣ ከማንኪራ፣ ከደካና ከዚሁ ከቦንጋ የመጣችሁ ወገኖች፤ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ እኔ ኃይለመስቀል የሟች የሥጋ ዘመድ አይደለሁም። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከዘመድ ሁሉ መካከል ለምን እኔን እንደመረጡ ጽሑፉ ራሱ ይናገራልና፣ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናችኋለሁ።

መምህር ልዑልቃል ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ አደሎ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛወርቅ ወዳጆ፣ በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር ማንኪራ በተባለው ቦታ በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የጫካ ቡና የሚለቅሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ቀፎን ከረጅም ዛፍ ላይ ለመጎተት አስቀድሞ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ በቅርንጫፉ ላይ ማሳለፍ ያስፈልጋልና፣ ልዑልቃል ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ትልልቆቹ አምስት ጊዜ ሞክረው የሚያቅታቸውን ቀረሮ የተባለ ረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ውርወራ ያሳልፉት ነበር። በአቶ ገብረወልድ ቤት አንድ ወግ ነበር። ገመዱ ሲወረወር ማንም ድምፅ አያሰማም፤ ጫካው ከሰማ ንቡ ወደ ቀፎው አይገባም ይባላል፤ ከታች የቆመ ሰው መጠንቀቅ የራሱ ፈንታ ነው። ይህን ወግ በልባችሁ ያዙልኝ።

ለትምህርት ወደ ቦንጋ ሲመጡ ያረፉት በእኛ ቤት ነው። አባቴ ከሰሜን በቢሮ ሥራ ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩና ከአገሬው ጋር በአበልጅነት ተሳስረው ስለነበር፣ አቶ ገብረወልድ አንድ እንስራ ማርና ልጃቸውን ይዘው መጥተው ልጁን ትተው ሄዱ። ታናሽ ወንድሜ ሙሉነህ፣ ሁላችንም ሙሌ የምንለው፣ ከእሳቸው በአንድ ዓመት ያንስ ነበርና አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ በአንድ ደብተር ተሻምተው አደጉ። እነሆ የቀብር ጽሑፍ ወግ ስለሚያስገድደኝ ልዑልን አንቱ እላለሁ፤ ሙሌን ግን አንቱ ለማለት ዕድሜው አልደረሰልኝም።

የስፖርት መምህሩ አቶ ሰብሃት ጦር ከቀርከሃ ጠርበው ተማሪዎቹን ሲያሰልፉ፣ የልዑልቃል የመጀመሪያ ውርወራ ከሜዳው አልፎ የዳይሬክተሩ ጎመን መካከል ተተከለ። ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠርተው ስለ ጎመኑ ብቻ ተቆጡ፤ ስለ ርቀቱ ያነሣ ሰው አልነበረም። ጎመኑ ውስጥ ገብቶ ጦሩን ያወጣው ሙሌ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ወርዋሪው ልዑል፣ መላሹ ሙሌ ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ጅማ ላይ በተደረገው ውድድር አንደኛ ወጡ፤ በ1982 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ክለብ በደመወዝ ቀጠራቸው። እሳቸውም ብቻዬን አልሄድም ብለው ሙሌን በዕቃ ጠባቂነት አስቀጠሩት። እናቴ ሁለቱን ስትሸኝ፣ አንተ ትልቁ ነህና ይህን ልጅ አደራ ያለችው ልዑልን ነበር።

በክለቡ ስምንት ዓመት ሲቆዩ ሦስት ጊዜ የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ሁለት ጊዜም ከአገር ውጭ ተወዳድረዋል። ምርጥ ውርወራቸው ስድሳ ስድስት ሜትር ከሃያ ነበር። ክንዳቸው የተመሰገነውን ያህል የሚወቀሱበት አንድ ነገር ነበራቸው። በልምምድ ሜዳ ማንኛውም ወርዋሪ ጦሩን ከመልቀቁ በፊት በሜዳው ያለው ሁሉ እንዲሰማ «ጦር» ብሎ መጥራት ግዴታው ነው። ልዑልቃል አይጠሩም ነበር። አሠልጣኛቸው ቢቆጧቸው፣ ቢቀጧቸው፣ አፌን ከከፈትኩ ክንዴ ይከዳኛል እያሉ የማንኪራን ዝምታ እስታዲየም ድረስ ይዘውት ገቡ።

ግንቦት 14 ቀን 1990 ዓ.ም. ጧት ልዑልቃል በልምምድ ላይ ሳሉ አቶ ሙሉነህ፣ ማለቴ ሙሌ፣ እሳቸው በወረወሩት ጦር ተመትቶ ሞተ።

ስለዚህ ቀን በእኛ ቤት የሚታወቀው ክለቡ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሟች ሳይፈቀድለት ሜዳ ውስጥ ገብቶ፣ ጦሩም በነፋስ ተገፍቶ አደጋው ደረሰ ይላል፤ ከሥር የምስክር ፊርማ አለው፤ ፊርማው የልዑልቃል ነው። መዝገብ የማይ ሰው ነኝና ፊርማ አምናለሁ። በለቅሶው ድንኳን ሰዎች ምን ሆኖ ሞተ ሲሉኝ፣ በራሱ ጥፋት ነው፣ ድሮም አያርፍም ነበር ብዬ መለስኩ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እንዲሁ ስመልስ ኖርኩ። እናቴም ይህንኑ ይዛ በ2003 ዓ.ም. አረፈች።

ልዑልቃል ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተወዳደሩም። ለጋዜጠኛ የትከሻ ሕመም ነው አሉ። ቦንጋ ተመልሰው የስፖርት መምህር ሆኑ፤ በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሴት ልጃቸውን ዝማሬን፣ ወንድ ልጃቸውን አሞጽን አፈሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኳስ ለተማሪ ሲያቀብሉ «ጦር» ይላሉ። ቁልፍ ለባለቤታቸው ሲወረውሩ «ጦር»፤ የእግር ውኃ ደጅ ሲደፉ «ጦር»፤ የበሰበሰ አቮካዶ ከአጥር ማዶ ሲጥሉ «ጦር»፤ ብለውም ወዲያው አይጥሉም፣ ማዶውን አይተው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ አንድ ሰው ዞር እስኪል የሚታገሡ ይመስላሉ። የባጃጅ ልጆች «ጋሽ ጦር» የሚል ስም አወጡላቸው። ሠርግ ላይ ቄጠማ ሲበትኑ እንኳ ጠርተው አዳሜን አሳቁት። እኔም ስቄአለሁ።

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጡ። መቀመጫ ሰጥቻቸው እምቢ ብለው ቆመው የነገሩኝን ዛሬ እንዳለ እንዳነብ ፈቃዳቸው ነው። ሙሌ ሜዳ የገባው በራሱ አይደለም። ዛሬ ሰባ ሜትር አገባለሁና ሂድ፣ ሰባ ላይ ችካል ትከልልኝ ብለው የላኩት እሳቸው ናቸው። ውርወራቸው ሰባ ደርሶ ስለማያውቅ ሙሌ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበርክኮ ችካሉን ይመታ ነበር። ነፋስ አልነበረም። ጦሩ ከእጃቸው ሲወጣ በሕይወታቸው ከወረወሩት ሁሉ የሚበልጥ እንደሆነ አውቀዋል፤ ደስ ብሏቸውም ነበር፤ ይህን ሳትጥል ጻፍልኝ ብለውኛል። አልጠሩም። ያን ውርወራ የለካው ሰው የለም።

የክለቡ ሰዎች ወረቀቱን ጽፈው ሲያቀርቡላቸው ፈረሙ። «ጋሽ ኃይሌ፣ ሞቱ ክንዴ ነው፣ ጥፋተኛ ማድረጉ ግን እጄ ነው» አሉኝ።

እኔም ከቤቴ አስወጣኋቸው። ሦስት እሑድ ተመላልሰው ደጄ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በሩን አልከፈትኩም። አስታራቂ ሽማግሌ ሲልኩም እናቴን ከመቃብር አምጡልኝና ፊቷ እንታረቅ ብዬ መለስኩ። ይህን የምናገረው ልመሰገንበት አይደለም።

ዘንድሮ በጥቅምት የደም ግፊታቸው በርትቶ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ፣ አንደበታቸውም ተይዞ ሆስፒታል ገቡ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ እያቸው ብለው ስለለመኑኝ ሄድኩ፤ ግን ከደጃፉ አላለፍኩም። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዝማሬ የእጅ ጓንቷን አውልቃ በበሩ በኩል ወዳለው ቅርጫት ወረወረች። በዚያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ቃል ያልወጣው አፋቸው «ጦር» አለ። ዓይናቸው እኔ ወደቆምኩበት ዞረ። እኔን ይዩ፣ ሌላ ይዩ አላውቅም፤ ወንድሜንና እኔን የሚለየን ጺሜ ብቻ ነው ይባላል። እኔም ሳላስበው ዞር አልኩ። ጓንቱ እኔ በለቀቅኩት ቦታ ላይ ወደቀ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከድነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

ይቅር ብዬሃለሁ ሳልል ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መምህር ልዑልቃል ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልጋነሽን፣ ልጆቻቸውን ዝማሬንና አሞጽን፣ በማንኪራ ያሉ አንድ እኅታቸውን፣ ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቋቸውን ተማሪዎች፣ አንድ በሩን ያልከፈተ ሰውም ትተው አልፈዋል። ወንድሜ ሙሉነህ በራሱ ጥፋት አልሞተም፤ ተልኮ፣ ታዞ፣ ሥራው ላይ ሳለ ሞተ። በለቅሶው ድንኳን ሌላ ያልኩትን ዛሬ በእናንተ ፊት ሽሬዋለሁ።

የሰማይና የምድር ጌታ የልዑልን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶቻችን አጠገብ ያሳርፍ፤ ዝም የተባለበትንም፣ ዝም ያለውንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጥ፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። አሁን አካፋ የያዛችሁ ልጆች ጥቂት ጠብቁኝ። ባለቤታቸው ከሆስፒታል ባመጡልኝ ወረቀት ግርጌ ልዑል በግራ እጃቸው የሞነጫጨሩት አንድ መስመር አለ፤ አፈር ከመጣሉ በፊት አንድ ሰው ይጥራልኝ ይላል። ቃሉ ለመቃብር አይስማማም ብዬ ሌሊቱን ሳመነታ አድሬ ነበር። ልዑል፣ ወንድሜ፣ እኔ እጠራለሁ።

ጦር።