«አገርህ የት ነው?» ሲሉት

ያ የሐምሌ ዶፍ ባይወርድ ኖሮ ጋሽ ዓብዱልቃድር ወደዚያ አዳራሽ ዝር አይሉም ነበር። ለሱቃቸው ዕቃ ሊያዩ ካዛንቺስ ወጥተው ዝናቡ ሲያጣድፋቸው፣ በቅርብ ባገኙት በር ዘው አሉ። በሩ ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳ አላነበቡም። ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ እግራቸውን ያዘው፤ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና፣ በላዩ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች። ከሥሩ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች» ይላል።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሲቲ ልጅ ጁወይሪያ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ቅርስ ተምራ አንድ ሙዚየም እንደተቀጠረች ያውቃሉ፤ እዚያ ምን እንደምትሠራ ግን ጠይቀዋት አያውቁም።

«ዝናቡ ነው ያስገባኝ፣ ልወጣ ነው» አሉ ወደ በሩ እያዩ።

«እስኪያባራ ይጠለሉ እንጂ! የሰፈር ታሪክ ፕሮግራም ነው፤ ማለቴ፣ ሰዉ ይመጣና ቤተሰቡ ከየት ተነሥቶ ቂርቆስና ካዛንቺስ እንደደረሰ ይናገራል፤ እኛ ድምፁን እንቀዳለን። እርስዎስ፣ አገርዎ የት ነው?»

«ቂርቆስ!» አሉ ፈጥነው። «ቂርቆስ ተወልጄ ቂርቆስ ያደግሁ፣ የጉተማ ልጅ ነኝ።»

እኛ አዲስ አበቤዎች አገራችንን ሲጠይቁን ሰፈራችንን መጥራት እንወዳለን። አራድነት ይመስለናል፤ የአንዳንዳችን ግን ፍርሃት ነው። ጋሽ ዓብዱልቃድርም ይህችን መልስ የሸመደዷት በልጅነታቸው ነው። ከወሎ ከአባታቸው ጋር በእግር መጥተው ቂርቆስ አንድ አጥር ሥር ተጠግተው ሳለ፣ አንድ ጠዋት ወረቀት የያዙ ሰዎች አባትየውን «አገርህ የት ነው?» አሉት። እውነቱን ተናገረ። ለሰፈራ ተብሎ መኪና ላይ ጫኑት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ልጁንም ሊያስከትሉ ሲሉ ቁራሽ ትሰጣቸው የነበረች ጎረቤት ወጥታ «የኔ ልጅ ነው፤ ዓብዱልቃድር ጉተማ ይባላል» አለች። ጸሐፊው አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየና ስሙን ቀስ ብሎ ደገመው። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም።

ያቺ ሴት ወይዘሮ ቡዜ ናቸው። እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ በሃይማኖቱም አልገቡበትም፣ ባላቸው ጉተማ ጁምዓ ጁምዓ እጁን ይዘው እስከ መስጊዱ በር ያደርሱት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አስጠነቀቁት፤ የአባትህን ስም እንዳታነሣ! ማስጠንቀቂያው ከአጥንቱ ገባ። ጋሽ ዓብዱልቃድር ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ኖሩ፤ ልጃቸው ካሚላም ጉተማን የሥጋ አያቷ አድርጋ አደገች።

«ልጄ፣ ልምከርሽ» አሉ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውን አገርህ የት ነው ማለት ደግ ነገር አያመጣም። ዛሬ ለታሪክ ብለሽ የቀዳሽው ነገ ለምን እንደሚውል በምን ታውቂያለሽ?»

«ፍርሃትዎ እውነት አለው ጋሼ። ለዚህ ነው ስም ሳይጠሩ መናገር የሚቻለው። ፎቶ ያልፈለገ አይነሣም፤ ሐሳቡን የቀየረም ይጥፋልኝ ካለ ይጠፋለታል።»

«መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?»

«እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲጠፋ ያያሉ።»

«ይሁን። ለመሆኑ ተናጋሪው ምን ያገኛል? ያለፈው አልፏል። ደግሞስ በዚህ የተነሣ ቤቱን ቢያጣ...» አሉና ወደ በሩ ዞሩ።

እንቅልፍ የሚነሣቸው ይኸው ነበር። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት፣ ጉተማ ከሞቱና ወይዘሮ ቡዜ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከወጡ በኋላ፣ የተላለፈላቸው የጉተማ ልጅ ተብለው ነው። ሰፈር በሚነሣበት በዚህ ጊዜ «ለካ ልጁ አይደለህም!» ቢባሉ ቤተሰባቸውን ይዘው የት ይገባሉ?

ጁወይሪያ ምንም እንዳልጠረጠረች ሆና «ስለ ቤት ቃል አልገባም፤ እሱ ሕግ አዋቂ ይጠየቅበታል» አለች። «ግን በቃ፣ ሰፈሩ ሲበተን እያየን አይደል? ድሮ ትውልዱን ማወቅ የፈለገ ልጅ ጎረቤት ያለችውን አሮጊት ይጠይቅ ነበር። አሁን አንዷ ጎተራ፣ አንዷ ከተማ ዳር ሄዳለች። እኛ ዝም ስንል ደግሞ ልጆቻችን የሚያሳፍር ነገር የደበቅን ይመስላቸዋል። ከዚያ ፎቶ ሥር ያለውን ድምፅ ብቻ ይስሙልኝ፤ ባልደረባዬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሄዳ የቀዳችው ነው።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደረጉት ነገሩን በቶሎ ለመገላገል ነበር። ድምፁን ከመጀመሪያው ቃል አወቁት።

«...የሰው ልጅ የኔ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ አልጸጸትም። ማን እንደሆነ እሱ ካልፈቀደ ከአፌ አይወጣም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የአባትህን ስም አታንሣ ብዬ ስላስፈራራሁት እኔም ሳልሰማው ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ሻማ ሳበራ ለዚያ ሰው የምጠራው ስም የለኝም፤ የልጄ አባት እያልኩ እጸልያለሁ። ልጠይቀው ስል እንዳላስደነግጠው እፈራለሁ። ሳልሰማው እንዳልሞትም እፈራለሁ።»

ጋሽ ዓብዱልቃድር ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአባታቸውን ስም በልባቸው ጠሩት፤ ሰይድ። ስሙ አለ፣ አልጠፋም። የአያታቸውን አስከትለው ሊጠሩ ፈለጉ፤ ሰይድ... ሰይድ ማን? ልጅ ሳሉ ያውቁት ነበር። አሁን የለም። ደጋግመው ሞከሩ፤ አልመጣም። የሚያባርራቸው ሰው ሳይኖር፣ እሳቸው ራሳቸው በዝምታቸው አንድ አያት አጥፍተዋል። እንደዚያ ቀን ፈርተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ውኃ ላምጣ?»

«ልጄ፣ ልክ ነሽ። እናገራለሁ» አሉ ማዳመጫውን እያወለቁ። «ግን ቀድሞ መስማት የሚገባው ሰው አለ።»

በዝናቡ ውስጥ ታክሲ ተሳፍረው ጎተራ ሄዱ። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ቡዜ ራሳቸው ነበሩ።

«እማዬ፣ አባቴ ሰይድ ይባላል። አገራችን ወሎ፣ ወረባቦ ነው። የአያቴ ስም ግን ጠፍቶብኛል።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ያዙ። «ሰይድ» አሉ፤ ደግመው «ሰይድ»። ከዚያ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ።

በሳምንቱ ጋሽ ዓብዱልቃድር ሕግ አዋቂ አማከሩ፤ ከዚያም ፎቶ ሳይነሡ፣ የራሳቸውን ስም ሳይጠሩ ተናገሩ። ካሚላ አጠገባቸው ተቀምጣ አባቷ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ለምን እንደሚደነግጡ በዚያ ቀን ገባት። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ጥቅሙ ይህ ነው፤ ልጅ ወላጁን ይረዳል፣ ባለውለታ ይመሰገናል፣ የተበተነ ሰፈር መልሶ የሚገናኝበት ደጃፍ ያገኛል። ከፎቶግራፉም ሥር አንድ ጽሑፍ ተጨመረ፦ «የወረባቦውን የሰይድን አባት ስም የምታውቁ ንገሩን።»

የቤቱ ነገር እስካሁን አልለየለትም። ጋሽ ዓብዱልቃድር በር ሲንኳኳ ዛሬም ልባቸው ይመታል። ይሁንና ድሮ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው ያደምጡ ነበር፤ አሁን ራሳቸው ተነሥተው ይከፍታሉ፤ የአያታቸውን ስም ይዞ የመጣ ሰው ይሆናል ብለው።