ከዛፍ ጥላ ሥር የተሞከረው መተንፈሻ

እትዬ፣ እንኳን መጡ! ይቺኛዋ ላይ ይቀመጡ፣ ያቺ ወንበር እግሯ ይወላገዳል። ውጭ ነፋስ አለ አይደል? መስኮቱን የከፈትኩት ሐኪሙ ለባሌ አየር ይግባለት ስላለ ነው። እርስዎም ጋሼ፣ በር ላይ አይቁሙ እንጂ፣ ይግቡ። ጫማዎ እንዴት ያብለጨልጫል! ወለሉ ያቆሽሽብኛል ብለው ነው? ኧረ ይግቡ፣ እኛ የሴት ወሬ ነው የምናወራው...

ባሌን አያስወሩት እትዬ። ሁለት ቃል ከተናገረ ያለከልካል። እኔው ላጫውትዎ። አንድ የማውቀው የእሳት አደጋ አለቃ አለ፤ እርስዎ አያውቁትም። እንዴት ያለ ጽዱ ሰው መሰለዎ፣ ጫማው እንደ ጋሼ ነው የሚያብለጨልጨው! የሠራተኞቹን መተንፈሻ፣ ጭስ ውስጥ ሲገቡ የሚያጠልቁትን ጭንብል፣ በየመስቀያው አሰልፎ፣ አስወልውሎ፣ ሙሽራ ነው የሚያስመስለው። ታዲያ መተንፈሻውን የሠራው ፋብሪካ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየር የምታሳልፈው ቫልቭ ሙቀት ሲያገኛት ትጣበቃለች፤ ሁሉንም መልሱልን፣ እንቀይራለን።» ሌሎቹ ጣቢያዎች መለሱ። ሞኞች! እስኪቀየርላቸው የድሮዎቹን እየተዋዋሱ ሠሩ። የኛ ሰው ግን በዚያው ሳምንት ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙት ነበር። መስቀያው ባዶውን ይታይ? ነውር አይደለም?

ዝም ብሎ ያስቀረው እንዳይመስልዎ ደግሞ። ራሱ ሞከረው እኮ! በገዛ ፊቱ! ግቢው ውስጥ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ አጠለቀና፣ «ይኸው እየተነፈስኩ ነው፤ ምን ሆነ?» አለ። ድፍረት ማለት ይሄ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ... እሱም ሳይቃጠል፣ ከቅጠል ሥር። ሙቀት ሲያገኛት ነው የተባለው? እና ለሙከራ ብሎ ያን የመሰለ ዛፍ ያቃጥል?

እንግዶቹም አይተው አጨበጨቡ። በማግስቱ መጋዘን ተቃጠለ፤ እሱ ሥር የሚሠራው ባሌ ካማሩት አንዱን አጥልቆ ገባ። ቫልቯ ተጣበቀች። አየር ሲያጣ ጭንብሉን ከፊቱ መንጭቆ ጣለና ያንን ጭስ... ማገው። ጥፋቱ የራሱ ነው። ጥላ ሥር ቢሠራ ምን ነበረበት?

አለቃው ግን ሐሰት አይወድም። «ጭንብሉን ያወለቀው ራሱ ነው» ብሎ ለበላዮቹ መስክሯል። እውነቱን ነው፣ ራሱ ነው ያወለቀው። መተንፈሻዎቹንም በአንድ ቀን ሰብስቦ ወደ ፋብሪካው ላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አሉ... እኔ አልልም። ጭራሽ የማይጮህም አለ እኮ።

አለቃው ልጅም አለችው፣ እንኳን ደስ ያለው፤ ሥልጠናዋን ጨርሳ እሳት አጥፊ ሆና ሌላ ጣቢያ ተመድባለች። ደግ ልጅ ናት። ትናንት ባሌን ልትጠይቅ መጥታ፣ እዚችው አልጋ ጫፍ ላይ ተንሰቅስቃ አልቅሳ ሄደች። አንጀቴን በላችው።

እኔ ቂም አልችልበትም እትዬ። እስቲ ልመርቃት። ዕድሜዋን ያርዝመው። ከገባችበት እሳት ሁሉ በሰላም ያውጣት። በሄደችበትም፣ ልክ እንደ አባቷ የሚያስብላት አለቃ ይስጣት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ... ጋሼስ? አሜን አይሉም?