ጾም የያዘው ቅባት

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን ታንጉትን ሊጠይቁ የመጡት ለሦስት ቀን ነበር፤ ሳምንት ሆናቸው። አማቻቸው አንዳርጌ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። በዚያ በጋይንት አገር አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም። እርሳቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ ያደርጋሉ፣ እርሱም ቀና ሳይል እልፍ ይላል፤ ወጉ ይኸው ነው። ስለዚህ አንዳርጌ ከአማቱ አንድም ክፉ ቃል እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ሲያለፋ አማቱ ከጎረቤቲቱ ከደጊቱ ጋር ከቤቱ ጥላ ሥር ጥጥ ሊፈትሉ ተቀመጡ።

“የዘንድሮ ጥጥ እንዴት ያምራል አንቺ ደጊቱ! ፍሬው ጥቂት፣ ክሩ ረጅም… ሰማዩንስ አየሽው? በጉና በኩል ጠቁሯል። ሰኔ እኮ ደረሰ። ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም ንፋስ መውጫን ማን ያያታል? … እኔስ ምን አገባኝ፤ መንገደኛ አይደለሁ።

“ወሬ ላጫውትሽማ። ወዲያ በእስቴ በኩል አንድ ሰው አለ አሉ። ስሙን አልጠራም፤ አላውቀውማ! ብቻ ሚስቱን ሲወድ ለጉድ ነው። ምስኪኗን እጇን ችፌ ይዟታል። ይሰነጠቃል፣ ያዣል፣ ዳነ ሲሉት ያገረሻል። ሌላ ባል ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይዟት ይሮጥ ነበር፤ ይህኛው ግን እርጋታ ያለው ሰው ነው። አጨዳው ይለቅ አለ፤ አለቀ። ውቂያው ይለፍ አለ፤ አለፈ። የጥር ሠርግ ይውጣ አለ… ሠርግስ እንዴት ይቀራል? ሰው ምን ይላል? ችፌው እንደሆነ የትም አይሄድ!”

አንዳርጌ ጠፍሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ‘እስቴ ነው ያሉት’ ሲል ራሱን አጽናና። ‘እኔ የጋይንት ሰው ነኝ።’

“ኋላ ግን ወሰዳት። ለምን ይዋሻል? ወሰዳት፣ ያውም በበቅሎ። እርሱ በበቅሎ፣ እርሷ በእግሯ ከኋላ… በታመመ እጇ ልጓም ስትይዝ ብትወድቅስ ብሎ ነው! ሐኪሙም ቅባት በቆርቆሮ ሰጣት። ‘ሲሻላት እንዳትተዉት፤ ሲያልቅ ሳይውል ሳያድር ኑ’ አላቸው። ዐሥራ አምስት ቀን ብትቀባው እጇ የሙሽራ እጅ መሰለ አሉ። … ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።”

ደጊቱ ከወዲሁ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

“እንደዚያ ሰው ጾም የሚያከብር የት ይገኛል? ቅባቱ የከብት ስብ ቢኖርበትስ፣ በእጇ ገብቶ ጾሟን ቢያስፈታትስ ብሎ ተጨነቀ። ቄስ አልጠየቀ፤ ቄሱን ለምን ያድክም? ቆርቆሮውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እርሷ ስታክ ቅባቱ ጾመ፤ እርሷ ስታለቅስ ቅባቱ ጾመ። ለነፍሷ ብሎ እኮ ነው! የሌላው ባል ፍቅር ከሥጋ አያልፍም…

“በቅሎ ግን አትጾምም።

“የበቅሎዋ ጀርባ በኮርቻ ተልጦ ነበር አሉ። ደግ ሰው እንስሳ ሲሠቃይ ማየት ይችላል? ቆርቆሮውን አወረደ። ጠዋት ቀባት፣ ማታ ቀባት፤ አንድ ቀን አላቋረጠም፣ ልክ ሐኪሙ እንዳለው! ለፋሲካ የበቅሎዋ ጀርባ ሐር ሆነ። ሚስት ልትገድፍ ቆርቆሮውን ብትከፍተው ግን የጠበቃት ባዶ ቆርቆሮ። ምን ይደረግ? መድኃኒቱ ፍቱን መሆኑ ታወቀ። ሌላው ባል እኮ መጀመሪያ ሚስቱ ላይ ነው የሚሞክረው!”

የአንዳርጌ ጆሮ ጋለ። ‘በቅሎዋን ጥቂት ብቻ ልቀባት ነበር፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሌላ ላመጣ ነበር’ ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን እንዴት ብሎ? አፉን ከከፈተ ያ የእስቴ ሰው ያን ጊዜውኑ ጋይንት መግባቱ ነው።

በዚህ መካከል ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ታንጉት ነበረች፤ እጇን የጠቀለለችበት ጨርቅ አንሸራትቷት ገንቦው አመለጣት። ስባሪውን በክንዷ ወደ ጥግ ስትገፋ ድምፁ ይሰማል።

አንዳርጌ ወደ ጉና ቀና ብሎ አየ። ደመናው ወርዷል። ጠፍሩን ጣለና ተነሣ፤ በቅሎዋን ጫነ፣ ኮርቻው ላይ ጋቢውን አጥፎ አነጠፈ፣ ጓዳ ገብቶም ታንጉትን በክንዷ ደግፎ አወጣት። እርሷን አስቀምጦ ልጓሙን ራሱ ያዘና ወደ ሐኪሙ፣ የንፋስ መውጫን መንገድ ጀመረ። ሲያልፍ አማቱ እንደ ወጉ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

“አየሽ ደጊቱ፣ የእኔ አማች ማንም ሳይነግረው!” አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ያን የእስቴውን ሰው ግን እንዲያው በደፈናው አማሁት፤ ኃጢአት ነው፤ ልመርቀው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቆንጆ ሴት ልጅ ይስጠው፤ ዓይኑ እያየ ያሳድጋት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። ለእርሷም… ልክ እንደ አባቷ ያለ ባል ይስጣት።”