አረንጓዴ ክር ያለው አጎበር

— ሄሎ! … ወአለይኩመሰላም፣ በድረዲን። እንኳን ደወልክልኝ ወንድሜ፤ ካርድ አልቆብኝ ሦስቴ ሚስኮል አደረግኩልህ። … ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ልጆቹም ደህና። ሰላምታውን ለኋላ እናቆየው፣ ወሬ አለኝ። … ኧረ ሰው አልሞተም! አትደንግጥ።

— ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ። አማችህን፣ ሙሀመድሰይድን ታውቀው የለ? ከሱብሂ ሶላት በኋላ መንጠቆውን ይዞ ወንዝ ወረደ። … አዎ፣ ላይኛው ኩሬ፣ ሾላው ሥር። ከእኔ ከሚስቱ ጋር ከሚያወራ ዓሣ ጋር ዝም ብሎ መዋል ይሻለዋል፣ ምን ላድርገው። … አትሳቅ፣ ወሬው የሚያስቅ አይደለም።

— ደርሶ መንጠቆውን እንኳ አልጣለም። ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፍፏል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ጣት የምታህለዋ እንኳ አልቀረች። ዳር ዳሩን የጫት ፌስታል፣ ባዶ ሃይላንድ … እሱንስ ለምደነዋል። ከመሀሉ ግን የመድኃኒት ጠርሙስ! ሁለት፣ ክዳናቸው የተከፈተ። … ማሽላ ላይ የሚረጩት ነዋ፣ ያ ጋዝ ጋዝ የሚለው። … ብርብራ? የምን ብርብራ! የብርብራ ፍሬማ አባቶቻችንም ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትኑ ነበር። ዓሣውን ያሰክረዋል እንጂ ጠርሙስ ጥሎ አይሄድም።

— አንተ ሰውዬ! ያን ነገር አትነካካው አላልኩህም? በሳሙና ታጠብ፣ ደግመህ! … አንተን አይደለም በድረዲን፣ ሙሀመድሰይድን ነው። ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ ብልህ ታምነኛለህ? ያን የሚያህል ሰው!

— ታዲያ ለማን ላመልክት? ቀበሌው ወንዙን ጠብቅ ብሎ የሾመው አንተን። … ምን? ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ? … ማን እንዳደረገው ካልታወቀማ ምን ይደረጋል? … እሱንማ አውቀናል።

— ሙሀመድሰይድ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጥሎ ያገኘውን ይዞ መጥቷል። ዓሣ የታፈሰበት አጎበር ነው፣ ያ ለወባ የታደለው። … ማንም ቤት አለ፣ እውነትህን ነው። የማንም ቤት አጎበር ግን ጥጉ ላይ በአረንጓዴ ክር አልተሰፋም። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ልጅህ በወባ ስትንቀጠቀጥ ቤትህ ቁጭ ብዬ ያን ቀዳዳ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክሩ ከቀሚሴ የተረፈ ነው። የገዛ እጄን ስፌት አጣዋለሁ?

— … ለምን አደረግከው? … እህ። … እንግዳ መጥቶብህ? ለአንድ ሰሃን ዓሣ! ወይ ሥጋን ለጅብ አደራ! ሙሀመድሰይድ እኮ ስፌቱን ሲያውቀው፣ ሰው እንዳያይበት ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ በጓሮ በጓሮ ነው የመጣው። ላንተ አፍሮ! አንተ ግን ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ ትለኛለህ፣ ለታላቅ እህትህ!

— … ኩሬው ከወንዙ የተቆረጠ ነው? ወራጅ ስላልሆነ ማንንም አይነካም ብለህ? … ቆይ፣ ሙሀመድሰይድ የሚለው አለ። ምን አልክ? … ማታ ደጋው ዘንቦ? … ጎርፉ ኩሬውን ከወንዙ ቀላቀለው? … በዓይንህ አየህ? ውሃው ወደ ታች እየሄደ ነው? አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ይዘህ ነው ስለ ስፌት ስታወራኝ የቆየኸው!

— በድረዲን፣ ሰማኸው? ወደ እናንተ ሰፈር ነው የሚወርደው! … አሁን ታለቅሳለህ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ከብቱ ጠጥቷል? … ገና ነው? አልሀምዱሊላህ። እማስ? እማ የት ነች?

— … ለዙህር ሶላት? ኡዱ ልታደርግ፣ ልትተጣጠብ ወንዝ ወረደች? ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ነው? … ትታው ሄደች? … ወንዙ ዛሬ ውሃ ይዟል ብላ ደስ ብሏት? ያ ረቢ! በእጇ እየዘገነች አፏን ልትጉመጠመጥበት ነው እኮ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሩጥ! ስልኩን አትዝጋው፣ ሩጥ!

— … እየሮጠ ነው፣ ሙሀመድሰይድ። ትንፋሹ ይሰማኛል። … አላህ ሆይ፣ አንተ ድረስላት። … እየጠራት ነው። … እሷ ነች! ድምጿ ነው፣ እየተቆጣችው ነው፣ ምን ያስሮጥሃል እያለች! ደህና ነች፣ አብሽር፣ ደህና ነች!

— ሄሎ፣ በድረዲን? ጠየቅካት? … ኡዱዋን ጨርሳለች? … አልሰማሁህም፣ ጮክ በል! ምን አለች? … «ውሃው ዛሬ ምነው ጋዝ ጋዝ አለኝ»? … ተፋችው ወይስ ዋጠችው? በድረዲን፣ ዋጠችው? … ሄሎ? … ሄሎ!

— … ተቋረጠ። ሙሀመድሰይድ፣ ተነሥ፣ ባጃጅ ጥራ።